«ፎርማት ላድርግልዎት?»

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት ጽሕፈት ቤቶች ፍላሽ አልከፈት ሲል ጥፋተኛው ምንጊዜም ፍላሹ ነው። ኮምፒውተሩ ተጠርጥሮ አያውቅም። «ቫይረስ በልቶታል» ይባላል፤ ፍርዱም ወዲያው ይከተላል፦ ፎርማት።

ፍኖተ ሰላም አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ ጡረታ የወጡ መምህር ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ከኮታቸው የደረት ኪስ አውጥተው ሰጡ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸው የይግባኝ ማመልከቻ እሱ ላይ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ሰካችው፣ እምቢ አለ፤ ገለበጠችው፣ እምቢ አለ፤ መልሳ ስትገለብጠው ገባ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ። የኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፣ አሁን ይደረግ ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው። ፎርማት ላድርግልዎት?»

«ምን ያደርገዋል እሱ?»

«እንደ አዲስ ይሆናል።»

«እንደ አዲስ ከሆነማ ምን ከፋኝ፤ አድርጊው ልጄ።»

«ቆይ እህቴ!» ብዬ ጥልቅ አልኩ። በሰው ጉዳይ መግባት ልማዴ ነው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ደግ ሐሳብ ነበር። የኢንቴሉ መሐንዲስ፣ ትውልደ ሕንዱ አጄይ ባት፣ ባለቤቱ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ሥራ ለማተም ስትቸገር አየና ለሁሉም ዕቃ የሚሆን አንድ መሰኪያ ቢኖርስ አለ። እነማይክሮሶፍትና አይቢኤም ገብተውበት ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። በሁለቱም ፊት እንዲገባ ያልተደረገው ወጪው እንዳይንር ነው፤ ዛሬ ቡሬ ላይ ፍላሽ ሲገለባበጥ የሚውለው በዚያ ቁጠባ ነው። ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን የማይረሳውን ፍላሽ ሚሞሪ ደግሞ የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 ለባለሙያዎች አቅርቦት ነበር። ሁለቱ ተጣመሩና አይቢኤም በ2000 መጨረሻ መሸጥ የጀመረው ፍላሽ 8 ሜጋ ባይት ይይዝ ነበር፤ ለዛሬ ስልክ ሁለት ሦስት ፎቶ መሆኑ ነው።

መሰኪያው አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው አጻጻፍ አንድ አልሆነም። ዊንዶውስ ኤክስፒ የወጣው በ2001 ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ፍላሾች የሚመጡበት ኤክስፋት የተባለው አጻጻፍ በ2006 መጣ፤ ኤክስፒ እንዲያነበው የሚያስችለው ማሻሻያ የተለቀቀው በ2009። ኢንተርኔት አይቶ የማያውቅ የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ታዲያ ይህን ከየት ያምጣው? ግዕዝ የማያነብ ሰው ብራና ገልጦ «ባዶ ነው፣ ፍቀን እንጻፍበት» እንደማለት ነው፤ ያውም በጎጃም፣ በቅኔው አገር!

መንገዱን ተሻግረን አዲስ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ዘንድ ሄድን። ማመልከቻው ደህና ነው። በቀድሞው አጻጻፍ፣ በፋት32፣ ወደተዘጋጀች አሮጌ ባለ 2 ጊጋ ፍላሽ ገልብጦ ሰጠን፤ ኤክስፒውም ያለ ምንም ማጉረምረም አነበባት።

ሰበቡ ሁልጊዜ ይኸው ነው ማለቴ አይደለም። የሲፒዩው የፊት ሶኬት ኃይል ሊያንሰው ይችላል፤ ከኋላ መሰካት ነው። ፍላሹ ተነቦ የድራይቭ ፊደል ሳይደርሰው ሲቀር ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ፊደል መስጠት ነው። ፋይሎቹ ሾርትከት ከሆኑም ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ ደበቃቸው እንጂ አልጠፉም።

ስለዚህ ፎርማት ይደረግ ወይ ተብለው ሲጠየቁ «አይደረግ» ይበሉና አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት። ጽሕፈት ቤት የከፈታችሁም፣ በፋት32 የተዘጋጀች አንዲት ትንሽ ፍላሽ ከመሳቢያችሁ አትጥፋ።