የዘገየው ማን ነበር?

ቡሬ ላይ መዝሙር ስንቀዳ አንዲትን እህት «ከምቱ ዘገየሽ» እያልኩ ሦስት ጊዜ አስቆምኳት። ማዳመጫውን አውልቃ ሄደች፤ ለቀጣዩም ልምምድ አልመጣችም።

ማታ እኔው ማዳመጫውን አድርጌ በማይክሮፎኑ ተናገርኩ። የገዛ ድምፄ ዘግይቶ ደረሰኝ! የምንጠቀምበት የዊንዶውስ መደበኛ ድራይቨር ድምፁን በስርዓቱ ማደባለቂያ አዙሮ ነበር የሚያመጣው። አዚዮ የተባለው ግን ያን መንገድ ያቋርጣል። የእኛ ሳውንድ ካርድ የራሱ አዚዮ ስለሌለው ነፃውን አዚዮ ፎር ኦል ጫንኩ። በፈሩን ከ1024 ወደ 256 ናሙና ዝቅ አደረግሁት፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና ስንቀዳ የአንዱ በፈር መዘግየት ከ23 ወደ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ወረደ። 128 ላይ ግን ድምፁ ስለተንጣጣ ተውኩት።

በማግስቱ ቤቷ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔ እኮ መዘመር አልችልም ብዬ ነበር» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ሰውን ከመውቀሳችን በፊት እርሱ የሚሰማውን እንስማ።