ግሱን ሳታገኝ አትፈርም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ይህን ስጽፍ ገና ከቤት አልወጣህም፤ ሳሎን ውስጥ ከአክስቶችህ ጋር ስትጫወት ድምፅህ ይሰማኛል። በአፌ ልነግርህ ጀምሬ ነበር፤ ሸኚ ገባና ተቋረጠ። ቆይቼ ስመለስ ደግሞ ሻንጣህን እያስመዘንህ ነበር፤ አልፈርድብህም። ስለዚህ ጻፍሁት፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ተረጋግተህ አንብበው። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ከፊትህ ይቅደም፣ ከኋላህ ይከተል።

ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ ብዙ ልልህ አስቤ ነበር። አንድ ነገር ግን ሁሉንም ሸፈነብኝ፤ እሱም ያ ጓደኛህ ዴንቨር ላይ አዘጋጅቼልሃለሁ ያለህ ውል ነው።

በስልክ ስታወሩ ድምፁን ከፍ አድርገኸው ስለነበር ሰምቻለሁ። ሲዲኤል የሚሉትን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ እንዳወጣህ ትራክ በሊዝ ትወስዳለህ፤ ክፍያው በየሳምንቱ ከሒሳብህ ይቆረጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መኪናው ያንተ ይሆናል፤ ውሉን እኔ አይቼዋለሁ፣ አንተ መፈረም ብቻ ነው የቀረህ አለህ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው ወይ ብለህ ስትጠይቀው፣ ግራመር ምን ያደርግልሃል፣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ፈርሞ ነው የሚሠራው ብሎ መለሰልህ። ልጁን አልጠላውም። አብራችሁ አድጋችኋል፣ ከዚህ ቤት እንጀራ በልቷል፣ የሚመኝልህም ደግ ነገር እንደሆነ አልጠራጠርም። ያንን ውል ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ገብቶታል ብዬ ግን አላምንም። ያልገባውን ነገር ለወዳጁ የሚያወርስ ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም።

አንተ እንግሊዝኛ አታውቅም ማለቴ አይደለም። ቃሉን ታውቃለህ፣ ፊልሙንም ያለ ትርጉም ታያለህ። በንግግር «ሂ ጎ» ብለህ «ሂ ጎዝ» ማለት ቢያመልጥህ ማንም አይከስህም፤ «ኤ» ማለት ሲገባህ «ዘ» ብትል የሚስቅ ይስቅ፣ ሥራህ አይቆምም። እነዚያን ስሕተቶች ጊዜ ያስተካክላቸዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላው ሰዋስው ነው፤ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ግሱ የትኛው እንደሆነ፣ ቀሪው ሁሉ በየትኛው ላይ እንደተንጠለጠለ ለይቶ ማየት። የውል ወረቀት የሚጻፈው እንዲህ ባሉ ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ አንዱ ብቻ ግማሽ ገጽ ሊይዝ ይችላል።

እኔ ይህን ያየሁት ደሴ ስማር ነው። ፒስ ኮር የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. በ1962 አገራችን መግባት ከጀመሩ በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ነበር፤ እኛም አንድ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ወጣት ደረሰን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አግድም መስመር ያሰምራል። በግራ ባለቤቱን፣ በቀኝ ግሱን ይጽፍና በመካከላቸው አግድሙን አቋርጦ የሚወርድ ቁም መስመር ያደርጋል። ተሳቢ ካለ ከግሱ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል፤ እሱን የሚለየው መስመር ግን አጭር ነው፣ አግድሙ ላይ ይቆማል እንጂ አያልፍም። ቅጽሉንና በመስተዋድድ የሚጀምረውን ሐረግ ሁሉ ከሥር በሰያፍ መስመር ያንጠለጥላቸዋል። ሪድና ኬሎግ የሚባሉ የብሩክሊን መምህራን እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉት ዘዴ እንደሆነ ያወቅሁት ራሴ መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን የማየው የሚያስፈራ ዓረፍተ ነገር ሥጋው ተገፎ አጥንቱ ሲወጣ ነበር። ስንት ቃል ይኑረው፣ ከላይ ያለው መስመር ላይ የሚቀሩት ሁለት ሦስት ቃላት ናቸው። ያ መምህር ጊዜውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሄደ። ደብዳቤ እጽፍለታለሁ እያልሁ ዘመኑ ተለዋወጠ፣ አብዮቱም መጣ፣ አድራሻውም ጠፋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሕይወት ካለ እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት፤ አንተንም እንደ እሱ ያለ ሰው ያገናኝህ።

አሁን ልብ ብለህ ተመልከት። የእኛ ቋንቋ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። «ሳታቋርጥ ከከፈልህ፣ መኪናውን በራስህ ወጪ ካሳደስህ፣ ከድርጅቱም ካልለቀቅህ፣ ያንተ ይሆናል» ስንል ሰሚው ተስፋው ጋ የሚደርሰው በግዴታው በኩል አልፎ ነው። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ይህን ይገለብጠዋል። ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሱ ይከተለዋል፣ «መኪናው ያንተ ይሆናል» የሚለው ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ይነገርሃል፤ «ኢፍ»፣ «አንለስ»፣ «ፕሮቫይድድ ዛት»፣ «ሰብጀክት ቱ» የሚባሉት ግን ከኋላ ተከታትለው ይመጣሉ። በአማርኛ ያደገ ጆሮ ማሰሪያውን ሲሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ብዙ ብልህ የአገራችን ልጅ ተስፋውን አንብቦ ግዴታው ላይ የሚፈርመው። አራት ነጥባቸው ያቺ ትንሽ ክብ ነጥብ ናት፤ እሷ ጋ ሳትደርስ ገባኝ አትበል።

ከዚያ «ሻል»ን እና «ሜይ»ን ፈልግ። በውል ወረቀት ላይ «ሻል» ግዴታ ይጥላል፣ «ሜይ» ፈቃድ ይሰጣል። ትልቁ ነገር እያንዳንዱ ግስ በማን ስም ሥር እንደቆመ ማየት ነው። «ሻል» ሁሉ ከሾፌሩ በኋላ፣ «ሜይ» ሁሉ ከድርጅቱ በኋላ ሆኖ ካገኘኸው፣ አንተ ትከፍላለህ፣ እነሱ ደግሞ ሲፈልጉ ያቋርጣሉ ማለት ነው። ባለቤት የሌለው የሚመስል ተገብሮ ግስ ሲመጣ ደግሞ ቁም። «ተቀናሽ ይደረጋል» ይላል፤ በማን? በስንት? በማን ፈቃድ? ዓረፍተ ነገሩ ካልነገረህ ጠይቅ፤ ጠይቀህም መልሱን በወረቀት ተቀበል። እንዲህ ባለው የሊዝ ውል ሰው ከመሃል ሲወጣ መኪናው ተመልሶ የከፈለው ገንዘብ እዚያው የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ከመሃል ስትወጣ የሚሆነው የተጻፈበት መስመር የትኛው እንደሆነ ጓደኛህ በጣቱ ያሳይህ። ካላሳየህ አላነበበውም።

የአያትህን ነገር ታውቀዋለህ፤ አልደግመውም። ራፖር ጸሐፊው ጽፎ ያነበበለት ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ የነበረው ሌላ። ጣቱን ቀለም ነክሮ የፈረመበትን ያን ወረቀት እስኪሞት ድረስ ከሣጥኑ አላወጣውም፤ እኔም ማንበብ ከተማርሁ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አንብብልኝ አላለኝም። በወንዙ ዳር ስናልፍ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር ነበር። እኔ መምህር የሆንሁት፣ ከመምህርነትም ሰዋስውን የመረጥሁት ለምን እንደሆነ እናትህ ታውቃለች፤ አንተም አሁን ገብቶሃል። ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

ሰዋስው ለሾፌር ምን ያደርጋል ለሚልህ ሰው ደግሞ ይህን ንገረው። በአሜሪካ ሜይን በሚባለው ግዛት የወተት ማከፋፈያ መኪና የሚነዱ ሾፌሮች ኦክኸርስት ዴይሪ የሚባለውን ድርጅት የትርፍ ሰዓት ክፍያ አልከፈለንም ብለው ከሰሱት። የግዛቱ ሕግ የትርፍ ሰዓት የማይከፈልባቸውን ሥራዎች ይዘረዝራል፤ የሚበላሽ ምግብን በቆርቆሮ ማሸግ፣ ማዘጋጀት፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ «ለመላክ ወይም ለማከፋፈል መጠቅለል» ተብሎም፣ «ለመላክ መጠቅለል፣ ወይም ማከፋፈል» ተብሎም ሊነበብ የሚችል ሐረግ አለ። ከ«ወይም» በፊት ኮማ አልነበረም። ሾፌሮቹ እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አንጠቀልልም አሉ። ጠበቆቻቸው ሌላም ነገር አሳዩ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ሥራ የተባሉት ሁሉ በእንግሊዝኛው «ኢንግ» የሚል መጨረሻ አላቸው፣ «ማከፋፈል» የተባለው ቃል ግን የለውም፤ ስለዚህ እንደ መላክ ሁሉ የመጠቅለል ጥገኛ ነው አሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉ ግልጽ አይደለም ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ በዓመቱ ድርጅቱ በ5 ሚሊዮን ዶላር ታረቃቸው። የግዛቱ ምክር ቤትም በኋላ ሕጉን በድርብ ሰረዝ ለያይቶ እንደገና ጻፈው። እነዚያ ሰዎች እንደ አንተ መሪ ጨብጠው የሚያድሩ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደሚከፈል ጠይቀው ላባቸውን አስመለሱ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ አንተንም እንዲያ ላብህን የማትነጠቅ ያድርግህ።

በመንገድም ቢሆን ይጠቅምሃል። የከባድ መኪና ሾፌር እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር አለበት የሚለው ደንብ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ሰኔ ወዲህ ግን ተቆጣጣሪዎች አይችልም ያሉትን ሾፌር ከመንገድ ማስቆም ጀምረዋል። ስልኬ ይተረጉምልኛል እንዳትል። ስልኩ ቢሳሳት ዕዳው የሚጻፈው በአንተ ስም ነው።

ልጄ፣ አንድ ነገር ሆዴን ይበላኛል። አንተ ፊደል ስትቆጥር እኔ ምድቤ ሩቅ ነበር። የሌላውን ልጅ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሳርም አድሬ ቤቴ የምገባው ለክረምት ብቻ ነበር፤ አንተን ሀሁ ያስቆጠረችህ፣ ኤቢሲዲም ያስጻፈችህ እናትህ ናት። ክረምት ስመጣ ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ዝናቡን እያየን ዝም ብለን እንውላለን እንጂ ደብተር እናውጣ አልልህም ነበር፤ አንተን ማየቱ ይበቃኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትዝ የሚልህ ከሆነ፣ በከሰል ቁራጭ ሲሚንቶው ላይ ያን አግድም መስመር ሠርቼ ስምህን በግራ፣ «መጣ» የሚለውን በቀኝ ጻፍሁልህ። አንተ ከሥሩ የመኪና ጎማ ሣልህበት። እናትህ ሲሚንቶውን ስታጥብ ያን ጥግ ለብዙ ቀን አልፋዋለች። ያን ጊዜ አስተምሬህ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዛሬ በደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር። ምን ይደረጋል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ኑሮው እንዲያ ነበር። ተባረክ አባቴ፤ የሄድህበት ይቅናህ፣ የያዝኸው ይባረክ፣ ክፉ ዓይን አይይህ።

የሬይመንድ መርፊን ሰማያዊ መጽሐፍ ሻንጣህ ጎን አስገብቼልሃለሁ። ካምብሪጅ መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ የእኔ ቅጂ አርጅቷል፣ ዳሩ ላይ በእርሳስ የጻፍሁትን አትደምስስብኝ። ሁሉንም አጥና አልልህም። ስለ «ኢፍ» እና ስለ «አንለስ» ያለውን፣ ስለ ተገብሮ ግስ ያለውን፣ «ሁ» እና «ዊች» እያለ ስም ላይ የሚቀጠለውን ክፍል አንብብ። እኛ «ትናንት የመጣው ሰው» ብለን ገላጩን እናስቀድማለን፤ እነሱ ሰውየውን ጠርተው ገላጩን ያስከትላሉ፤ በመካከሉ ባለቤቱና ግሱ ይራራቃሉ፣ አንባቢም የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ሌላው በሥራው ይመጣል።

እናትህ የቋጠረችልህን በርበሬ ጉምሩክ እንዳይዙባት ስትፈራ ነው የዋለችው። አክስትህ ደግሞ ያቺን የአንገት ልብስ አውልቀህ ለሰው እንዳትሰጥ ብላሃለች። ጓደኛህንም ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ቢያነብም አልከፋም፣ ለእሱም ይሆነዋል።

አደራህን፣ ዴንቨር በደረስህ ሳምንት ወረቀቱን ሲያቀርቡልህ ቤቴ ወስጄ ላንብበው በል። ዛሬውኑ ካልፈረምህ ይቀራል ካሉህ ይቅር። ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ እዚህ ሌሊት ቢሆንም ተነሥቼ አነበዋለሁ፣ እያንዳንዱን ባለቤትና ግስ አስምሬበት እመልስልሃለሁ። እኔ ሳልመልስልህ አትፈርም።

አባትህ