ከአሸተን መልስ

በቅሎ ይቅርብኝ ያልኩት በትዕቢት ነው። ላሊበላ ራሷ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አሸተን ማርያም ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ። ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሼ አጥሮ ድንጋይ ላይ ዘፍ ስል፣ የሚመራኝ ወጣት «አይዞዎት፣ ደረስን» አለኝ። ዋሸኝ።

ዳገቱ ሲያልቅ መንገዱ ዓለት ሰንጥቆ ይገባል። በስንጥቁ ተሹለክልከን ስንወጣ ላስታ ከእግሬ ሥር ተዘረጋ፤ ገደል ከገደል በላይ፣ ማሳ ከማሳ በታች። ድካሜን የት እንደጣልኩት አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኗ በር ግን ዝግ ነበር። ቁልፍ ያዡ ቄስ እስኪመጡ ፀሐይ ስንሞቅ ቆየን።

በቅዱስ ላሊበላ ተጀምራ በነአኩቶ ለአብ ተፈጸመች በሚሏት በዚህች ቤተ ክርስቲያን፣ ቄሱ መስቀሎቹን ከጨርቅ እየፈቱ አወጡልን። አንዱን ያነሣሉ፣ ታሪኩን ይነግሩናል፣ መልሰው ይጠቀልላሉ። ታሪኩ ሳይነገርለት የተመለሰ ዕቃ የለም።

ማታ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ከዓመታት በፊት አይቼ በፍላሽ ያስቀመጥኩት ፊልም ነበረኝ፤ «ክራምብስ»፣ ፍርፋሪ ማለት ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገራችን ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ በአማርኛ የሚናገር የሳይንስ ልብ ወለድ። ዓለም ካለፈች በኋላ ሰማይ ላይ አንዲት የሞተች የጠፈር መርከብ ተንጠልጥላለች። ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ውራጅ ለቃሚ ነው፤ ከሰላም ተስፋዬ ጋር ባዶ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይኖራል። አንድ ቀን የቦውሊንጉ ማሽን በራሱ ይንቀሳቀሳል። መርከቧ ነፍስ ዘራች ማለት ነው ብሎ ጉዞ ይጀምራል፤ የሚፈልገውም የገና አባትን ነው። ልደትን በቤዛ ኩሉ በምታከብር ከተማ ይህን ማየት እንዴት ያስቃል! ጉዞው በመሐል ይንዛዛል፤ የዳሎልን ምድር ስላሳየኝ ግን ይቅር ብዬዋለሁ።

ያኔ አዲስ አበባ ሳየው ከልቤ የሳቅኩት በፊልሙ ዕቃ ገዢ ነበር። የማይክል ጃክሰን ሸክላ፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ ሁሉም እንደ ከበረ ቅርስ ይተመናል፤ ለማይክል ጆርዳንም ይጸለያል። አሁን ግን ሳቄ አልመጣ አለ። ሰውየው ዕቃውን አንሥቶ ሲያወራለት የቄሱ እጅ ትዝ አለኝ። የቄሱ ቃል ግን ከቄስ ወደ ቄስ የወረደ ነው፤ የዚህ ሰው ታሪክ አውራሽ የለውም። ዕቃው ተርፎ የሚያውቀው ሰው አልቋል።

መሐል ላይ መብራት ሄደ። ከተማው ጨለመ፤ በላፕቶፑ ባትሪ መርከቧ ብቻ ደመና ላይ ቀረች። አብሮኝ የሚያየው መንገድ መሪዬ ጠጋ ብሎ ትክ ብሎ አያት።

«ቁልፍ ያዡ የት ሄዶ ነው?» አለኝ።