ዛፍ ላይ የወጣው ጭላዳ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ "መምህር፣ ለሥዕሌ ጥናቱን ጨርሻለሁ" ብሎ አርባ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ሁሉም ከኢንተርኔት የወረዱ ናቸው። ልቆጣው ስል የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። እስቲ ላጫውታችሁ።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ኮሶዬን ልስል ተነሣሁ። የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ኮሶዬ ከከተማው በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "እኔ ያልሳልኩት ማን ሊስለው ነው?" ብዬ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ከፖስት ካርድና ከትዝታ ቀላቅዬ ንድፉን ሠራሁ። መምህሬ ዝም ብሎ አየውና "ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ሰዓቴን አየሁ።

"የሥዕሉን ነው የምጠይቅህ!"

መልስ አልነበረኝም። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አላሰብኩም።

ለእረፍት ስገባ ንድፉን ለአባቴ አሳየሁት። ሥዕል መማሬን ወዶልኝ አያውቅም፤ "እንጀራ አይሆንህም" ነበር የሚለኝ። ወረቀቱን አቅርቦ፣ አርቆ አየና "ጭላዳ ዛፍ ላይ ምን ይሠራል? ሣር እኮ ነው የሚበላ!" አለ። አፈርኩ። በማግስቱ ጋቢውን ደርቦ "ተነሥ፣ እንሂድ" አለኝ።

በጠዋት ደረስን። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቁጭ ብለው በጣታቸው ሣር ይነጫሉ፤ ሳይነሡ እየተንፏቀቁ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። የደረታቸው ቀይ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱ ደማቅ፣ የሌላው የፈዘዘ ነው።

ተራሮቹን ሁሉ እኩል ሰማያዊ ቀብቼአቸው ነበር። ለካ ቅርቡ ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ቀለሙ እየሳሳ፣ የመጨረሻው ከሰማዩ አይለይም። ቀለም ስላልያዝኩ በእርሳስ እየነደፍኩ ጎኑ ላይ ጻፍኩ፦ "ሦስተኛው ሸንተረር፣ አመድማ፣ 1 ሰዓት ተኩል።" 4 ሰዓት ሲሆን ጥላው አጠረና ያው ተራራ ሌላ ተራራ ሆነብኝ። አባቴም የገብሱን ማሳ፣ የውሃውን መውረጃ እያሳየ "ይኼንም ጻፍ" ይለኝ ጀመር። ካፊያ ሲመጣ ጋቢውን አውልቆ ዘረጋ። እኔ ላይ አይደለም፤ ደብተሩ ላይ!

ሥዕሉ ከተሸጠ ቆየ፤ የት እንዳለ አላውቅም። አባቴም አሁን የለም። ደብተሩ ግን አለኝ። አንዱ ገጽ ላይ እጁ ወደ ማዶ ሲጠቁም ነድፌዋለሁ። ለሥዕሉ አያስፈልግም ነበር፤ ለምን እንደነደፍኩት እንጃ።

ለተማሪዬ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ "ፎቶዎቹን አትጣላቸው፣ ይጠቅማሉ። ግን ሄደህ እይ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ካለህ ይዘኸው ሂድ። ሰዓቱንም ጻፍ።"

እናንተስ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የጥናት ደብተራችሁ አለ ወይስ ጣላችሁት?