ወዲያና ወዲህ

ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ አንድ ተውኔት በሚጠናበት አዳራሽ ሦስት ተዋንያን አንድ ዓይነት እርምጃ ይራመዳሉ። አንዱ ፍርዱን የሚጠባበቅ እስረኛ ነው፤ ሁለተኛዋ ሕፃን የታቀፈች እናት ናት፤ ሦስተኛዋ ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦችን ለማስታረቅ ከደጅ ደጅ የምትል ጐረቤት ናት። በእንግሊዝኛው ለሦስቱም የተሰጣቸው ግሥ የተለያየ ነው፤ እስረኛው ‹ፔስ›፣ እናቲቱ ‹ሮክ›፣ ጐረቤቲቱ ‹ሻትል› ያደርጋሉ። በአማርኛው ግን ሦስቱም ‹‹ወዲያና ወዲህ ይላሉ››። ተዋናይ የተጻፈለትን ያደርጋልና ሦስቱም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሄዳሉ፤ ደግሞ ይመለሳሉ። አዘጋጁ ይቆጣል።

ተርጓሚው በአዳራሹ ጥግ ተቀምጦ ይህን ያያል። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ አልቸገረውም። በትምህርት ቤት ዘመኑ እነዚህን ግሦች የተማረው በሰሌዳ ላይ በአንድ ረድፍ ተጽፈው፣ በስተቀኛቸው ‹ተወዛወዘ፤ ወዲያና ወዲህ አለ› የሚል አንድ ፍች ለሁሉም ተሰጥቶ ነበር። ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለፈተና ይበቃል። ለመድረክ ግን አይበቃም፤ መድረክ ላይ እያንዳንዱ ግሥ እግርና እጅ ይፈልጋልና።

ከሦስቱ ይበልጥ ተርጓሚውን ያሳፈረው ‹ሻትል› ነው። ቃሉ በመጀመሪያ የሸማኔ መወርወሪያ ስም ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ የሚወረወር ነገር፣ ፍላጻ ወይም ጦር ማለት ነበር፤ ‹ተኰሰ› ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥም ጋር ዘመድ ነው። አማርኛም መሣሪያውን የሰየመው በዚያው ዓይን አይቶ፣ ‹ወረወረ› ከሚለው ግሥ ነው። የእንግሊዝ ሸማኔና የኢትዮጵያ ሸማኔ ሳይተዋወቁ አንዱን ዕቃ በአንድ ስም ጠሩት። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ ተቀምጦ፣ ማጉን በቀሰም ላይ የያዘውን መወርወሪያ በቀኝ እጁ ይሰዳል፤ በግራው ይቀበላል፤ መልሶ ይሰዳል። መወርወሪያው ባዶውን አይመለስም። በሄደበትም በመጣበትም ድሩ መካከል ክር ይተዋል። ‹ሻትል› ከ‹ወዲያና ወዲህ አለ› የሚለየውም በዚህ ነው፤ ጐረቤቲቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሄደች ቁጥር የምታደርሰው ነገር አላት።

ጆን ኬይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1733 እ.ኤ.አ. በገመድ እየተሳበ ራሱ የሚወነጨፍ መወርወሪያ እስኪያወጣ ድረስ፣ አንድ ሸማኔ ብቻውን የሚሠራው ጨርቅ ስፋት በክንዱ ርዝመት የተወሰነ ነበር። በእጅ በሚወረወርበት አገር ዛሬም እንዲሁ ነው፤ ጋቢ መካከሉ ላይ የሚሰፋው ስለዚህ ነው። መሣሪያው በእንግሊዝ አገር ወደ ፋብሪካ ቢገባም ግሡ በአደባባይ ቀረ። በ1974 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ኪሲንጀር በእስራኤልና በግብፅ፣ ቀጥሎም በእስራኤልና በሶርያ መካከል ሲበር ጋዜጠኞቹ ጉዞውን በሸማኔው መሣሪያ ሰየሙት። ከ1981 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር እየወጣ ይመለስ የነበረው የአሜሪካ በራሪም ስሙ ይኸው ነበር። አማርኛ ያንን ‹መንኰራኩር› አለው፤ የሠረገላ እግር ማለት ነው። መልካም ስም ነው፤ ሸማኔው ግን ከስሙ ወጣ።

ይህ ለተርጓሚው የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሸማኔ ልጅ ነውና። በአንድ አገር የሸማኔ ዕቃ ለሚኒስትር ጉዞ ግሥ ሲሆን፣ አባቱ በተወለዱበት አገር ባለ ዕቃው ‹ቁጢት በጣሽ› ይባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ግን ስድብን ከአፍ ቢከለክል ዕቃውን ወደ ሥነ ጽሑፍ አያስገባም። ልጁም ተምሮ፣ መጽሐፍ ገልጦ ‹ሻትል› የሚለውን ሲያገኝ፣ እንጀራ ያበላችው መወርወሪያ በሐሳቡ ውልብ አላለችም።

ሌሎቹም ግሦች የየራሳቸው ቤት አላቸው። ‹ሲሶ› የሚባለው (የጭሰኛውን ሲሶ አያስታውስ) በሁለት ጫፉ ልጆች የሚቀመጡበት ሳንቃ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠራበት ነው፤ ቃሉ ግን ከትልቅ መጋዝ ጫፍና ጫፍ ሆነው ግንድ ከሚሰነጥቁ ሠራተኞች ዜማ የመጣ ይመስላል። አማርኛ ‹ገዘገዘ› ሲል ያንኑ ድምፅ ይሰማል፤ ‹ዥዋዥዌ› ሲልም ልጆቹን። ‹ኮምዩት› ደግሞ የባቡር ልጅ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች በየቀኑ የሚከፈለውን ሒሳብ ወደ አንድ የተቀነሰ ክፍያ ለውጠው ቲኬት ይሸጡ ነበር፤ ‹መለወጥ› የነበረው ግሥ ከዚያ ወዲህ ከቤት ወደ ሥራ ተጉዞ መመለስ ሆነ። የሞት ፍርድ ወደ እስራት ሲለወጥም እንግሊዝኛ በዚሁ ግሥ ይጠቀማል። ይህን በአማርኛ ‹ተመላለሰ› ማለት ስሕተት አይደለም፤ ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪ ‹ስንት ጊዜ ተመላለስኩ› ሲል የሚታየው ባቡር ሳይሆን የተዘጋ መስኮትና ‹ነገ ተመለስ› የሚል ድምፅ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

ከላቲን የመጡት ‹ኦሲሌት›፣ ‹ቫሲሌት›፣ ‹ፍላክቹዌት› የጨዋ ልብስ የለበሱ ናቸው፤ እንግሊዛዊው ሲናገራቸው አካል አይታየውም። የላቲኑ ‹ቫሲላሬ› በእግሩ መቆም ያቃተው ሰው መንገዳገድ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የፖለቲካ ጽሑፍ ይህ ቃል ‹ወላወለ› ተብሎ ተተረጐመ። ትርጕሙ የተዋጣ ነበር፤ ከመዋጣቱም የተነሣ ‹ወላዋይ› የተባለ ሰው መልስ ለመስጠት ጊዜ አላገኘም።

አማርኛ በዚህ ረገድ ደኻ ነው የሚሉ አሉ። የሚሉት ወጥ ቤት ገብተው ስለማያውቁ ነው። ወተት በቅል የናጠች ሴት ‹በሽታ ናጠው› ስትል የምትናገረውን በክንዷ ታውቀዋለች። እህል በሰፌድ ማንገዋለል ‹ተንገዋለለ› የሚለውን ቃል ሰጥቶናል፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲገፋ ለሚውል ባለ ጉዳይ ከዚህ የሚስማማ እንግሊዝኛው ቢፈለግ ተርጓሚን ሌሊቱን ያሳድራል። የተዋንያን ንግግር ራሱ ‹ምልልስ› መባሉን ልብ ይሏል፤ እንግሊዞችም የሁለት ሰዎችን የቃል ልውውጥ ‹ወዲያና ወዲህ› ይሉታል። እዚህ ላይ ብቻ ያ የሰሌዳ ፍች ልክ ሆነ።

አዘጋጁ ዕረፍት ሲሰጥ ተርጓሚው ጽሑፉን ተቀብሎ በእርሳስ ይሰርዛል። ለእናቲቱ ‹እሹሩሩ ትላለች› ብሎ ጻፈ፤ ተዋናይቷ ከትከሻው አሻግራ አነበበችና ወዲያው ተቀመጠች። ለጐረቤቲቱ ‹ከቤት ቤት እንደ መወርወሪያ ትመላለሳለች› አለ። እርሳሱን አንሥቶ ቃሉን ጥቂት ጊዜ ተመለከተው፤ በስሙ በሚወጣ ጽሑፍ ላይ ከአባቱ ዕቃዎች አንዱን ሲያሰፍር የመጀመሪያው ነው።

እስረኛው አስቸገረው። ‹ይንጐራደዳል› ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ቃል ውስጥ የተዝናና ሰው፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ባለ ግቢ አለ። ቦታውን ባዶ ትቶ ተዋናዩን ጠራው፤ ክፍሉ በስንት እርምጃ እንደሚያልቅ ጠየቀው። ተዋናዩ በመድረኩ ላይ በኖራ መሥመር አሰመረና መቍጠር ጀመረ።