የስደተኛ መንግሥት ማኅተም

መሬቱን በጠላት የተነጠቀ መንግሥት በባዕድ አገር ተቀምጦ ለሕዝቡ ምን ሊያደርግ ይችላል? እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ እንደ ሩቅ ወሬ አንሰማውም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከ1936 እስከ 1940 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን እንቈጥራለን) በእንግሊዝ አገር በስደት ኖረዋልና። ስለዚህ በሎንዶን ስለ ነበረው የፖላንድ ስደተኛ መንግሥት ስናነብ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብና በማኅተም መካከል ያሳለፍን እንደ መሆናችን፣ ልባችን የሚያርፈው በወረቀቱ ላይ ነው።

በዲሴምበር 10 ቀን 1942 ዓ.ም. የውጭ ጉዳዩን ሥራ ይመሩ የነበሩት ኤድዋርድ ራቺንስኪ፣ ጀርመኖች በፖላንድ ምድር አይሁድን ፈጽመው ለማጥፋት መነሣታቸውን ለተባበሩት መንግሥታት በጽሑፍ አስታወቁ። በሰባተኛው ቀን 11 መንግሥታትና የፈረንሳይ ብሔራዊ ኮሚቴ ግፉን በአንድነት አወገዙ፤ በእንግሊዝ ምክር ቤትም እንደራሴዎቹ ተነሥተው በጸጥታ ቆሙ። ከዚያ በኋላስ? በእኛ አስተያየት፣ የተደረገው ከተነገረው እጅግ ያንሳል። በፖላንድ ብሔራዊ ምክር ቤት አባል የነበሩት አይሁዳዊው ሽሙል ዚጊየልቦይም የዓለምን ዝምታ በመቃወም በሜይ 1943 ዓ.ም. በሎንዶን ራሳቸውን ገደሉ።

እምብዛም ያልተነገረው ግን በስዊስ አገር፣ በበርን የነበረው የፖላንድ ሌጋሲዮን ሥራ ነው። በሚኒስትሩ በአሌክሳንደር ዋዶሽ ሥር ቆንስሉ ኮንስታንቲ ሮኪትስኪ ከፓራጓይ የክብር ቆንስል ባዶ ፓስፖርት እየተገዛ ሲመጣላቸው፣ ፓራጓይን በዓይናቸው ያላዩ አይሁድን ስም በእጃቸው ይጽፉበት ነበር። ገንዘብና የስም ዝርዝር በማቅረብ የአይሁድ ማኅበሮች ሰዎች ይረዱ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው የባዕድ አገር ዜጋ ተብሎ፣ ወደ መግደያው ሰፈር በመላክ ፈንታ ወደ መጠበቂያ ሰፈር ሊወሰድ ይችል ነበር። እውነተኛ መንግሥት ሐሰተኛ ዜግነት ሲያድል! መዝገብ አክባሪ የሆነ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ነገር ግን እውነተኛው መታወቂያ ሞት የሚያስፈርድ በሆነበት ጊዜ የትኛውን ደንብ እንጠብቅ ኖሯል?

ጀርመኖች ወረቀቱን መጠራጠር በጀመሩ ጊዜ፣ የስደቱ መንግሥት የላቲን አሜሪካ መንግሥታት እንዲያጸኑት ተማጸነ። ሆኖም በፈረንሳይ አገር በቪቴል ተይዘው ከነበሩት ብዙዎቹ በ1944 ዓ.ም. ወደ አውሽዊትዝ ተወሰዱ። ሌሎች ግን በዚያው ወረቀት ተረፉ።

ሮኪትስኪ በ1958 ዓ.ም. በሉሰርን በድህነት አረፉ። የኢየሩሳሌሙ ያድ ቫሼም ስማቸውን በጻድቃን መዝገብ የጻፈው በ2019 ዓ.ም. ነው።