ቀ የሌላት መኪና

ቆራሌው ሚዛን ላይ ሊጭናት ሲል ነው የደረስኩት። ሆመቾ ገበያ ጥግ፣ ከዛገ ቆርቆሮና ከተቀደደ ጀሪካን መሃል ጥርሷን አግጥጣ ተቀምጣለች፤ ኦሊቬቲ፣ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና። ሃያ ዓመት የተመኘኋት ዕቃ በኪሎ ልትሸጥ ነው። ልቤ እንዳይታወቅብኝ መጀመሪያ የአንድ ድስት ዋጋ ጠየቅሁ። "ጋሼ፣ ድስቱን ይተዉት፤ ዓይንዎ ወዲያ ነው" አለኝ። 1,500 ብር ከፍዬ ተሸክሜያት ሄድኩ። ከባድ ናት፤ ቤት እስክደርስ ሦስት ጊዜ አሳረፍኳት።

ምኞቱ የጀመረኝ በልጅነቴ፣ ሆሳዕና ፍርድ ቤት ደጃፍ ነው። አያቴ የመሬት ክርክር ነበረባት። ራፖር ጸሐፊው ጃንጥላ ሥር፣ መኪናውን ሣጥን ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። እሷ በሀዲይኛ ታወራለች፤ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሸት፣ አልፎ አልፎም ከክርክሩ ጋር ምንም ስለማያገናኘው ስለ ሟች ባሏ ደግነት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። በካርቦን ሦስት ኮፒ ስለሚመታ ስህተት ቢገባ ሦስት ወረቀት ነው የሚበላሸው፤ ስለዚህ ነገሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ሳያልቅ ጣቱ አይነሳም። ሲነሳ ግን አያቴ "አመልካች" ሆነች፣ ጎረቤቷ "ተጠሪ"፣ የግማሽ ሰዓት ለቅሶዋም አራት መስመር አማርኛ። ባሏ ቀረ። ጸሐፊው መልሶ በሀዲይኛ አነበበላት። "እንዲህ ብዬ ነው?" አለች ተገርማ፤ "ከእኔ ይሻላል!" አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች፣ ቴምብር ተለጠፈ። ሰው ጸሐፊ ይለው ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስበው አስተርጓሚ ነበር ብዬ ነው።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ለፊደላችን አልተፈጠረችም። 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ቁልፏ አርባ ምናምን ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ቅርጽ ቢሸከም እንኳ መቶ አይሞላም። መሐንዲስ አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛ መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ጣጣ ይኸው ነበር። ዘዴው ፊደሉን መገጣጠም ሆነ፤ መጀመሪያ ግንዱን ትመታለህ፣ ቀጥሎ ምልክቱን ታስከትላለህ። "ሉ" የሚወጣው "ለ" ላይ ጭረት ሲለጠፍ ነው፤ ጭረቱም ብዙ ጊዜ ከገላው ፈንጠር ብሎ ይቆማል። የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያየ ሰው ያንን አካሉ የተለያየ ፊደል ያውቀዋል። አስቀያሚ ነው። እወደዋለሁ።

ልጄ የሀዲይኛ የቤት ሥራዋን ልትመታባት ብላ ነበር። ላቲን የለማ! በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች መሃል ሀዲይኛና ከምባትኛም ነበሩ፤ ያኔ የሚጻፉት በዚሁ በእኛ ፊደል ነበር። ከደርግ በኋላ ወደ ላቲን ዞሩ። መኪናዋ ያን ዜና አልሰማችም።

ሪባኗ ደርቋል። የማኅተም ቀለም ቀባሁትና ሠራ። ጉዳቷን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ የ"ቀ" ክንድ ከሥሩ ተሰብሯል። ፊደሉ ተገጣጣሚ በመሆኑ ደግሞ "ቀ" ብቻውን አልሄደም፤ "ቁ"ንም "ቂ"ንም ይዞ ነው የጠፋው።

ባለፈው ሳምንት ኳኳታውን የሰሙ አንድ ጎረቤቴ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው መጡ። የውኃ ነገር ነው፣ ለቀበሌ ማመልከቻ ፈለጉ። ወረቀቱን አስገብቼ መታሁ። "ለ በሌ" የሚል ወጣ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደገና አድርገው አዩት፤ ምንም አላሉም። በእስክሪብቶ ጻፍኩላቸው።

ጣሪያ ሥር የተጣለ የአማርኛ ኦሊቬቲ ያላችሁ ሰዎች፣ ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ የ"ቀ"ን ክንድ ንቀሉልኝ።